ቢቨርና የኖራ ድንጋይ ዋሻ

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ብዙ ተስቆብናል። አንዱ ጓደኛችን፥ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ የማናውቀውን አውሬ አምጥታችሁ ዋሻ አሰናዱለት ልትሉን ነውን?» ሲል ጠየቀን። ሌላው ደግሞ ቀልዱን ትቶ፥ «ቢቨር በአገራችን የለም። ከሌለ ዘንድ እኛን ምን አገባን?» አለን። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ስለ ሆነ አናልፈውም፤ ነገር ግን መልሱን በመጨረሻ እንሰጥ ዘንድ ፍቀዱልን። ነገሩን ሳያውቁ ጥቅሙን መመዘን አይቻልምና።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። የምንነግራችሁ ታሪክ አብዛኛው የሆነው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናቀርባለን። እኛም ከመጻሕፍት የለቀምን ተማሪዎች እንጂ ቢቨርን በዱር ውስጥ ያየን ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ የተረጋገጠውን ነገር «ነው» ብለን፥ የራሳችንን ግምት ግን «ይመስለናል» ብለን ለይተን እንናገራለን።

ቢቨር ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ቢቨር እንደ አይጥና እንደ ጃርት ከቈርጣሚ እንስሳት ወገን የሚቈጠር ጡት አጥቢ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ዓይነቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው በሰሜን አሜሪካ፥ ሁለተኛው በአውሮፓና በእስያ ይኖራል። ያደገ ቢቨር አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከቈርጣሚዎች ሁሉ በግዙፍነት የሚበልጠው ካፒባራ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ብቻ ነው። ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠላት ባየ ጊዜ በዚህ ጅራት ውኃውን ጧ አድርጎ ይመታና ቤተ ሰቡን ያስጠነቅቃል። የፊት ጥርሶቹ የብርቱካን መልክ አላቸው፤ ይህም በጥርሱ ልባስ ውስጥ ብረት ስላለ ነው። ጥርሶቹ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድጉ እንጨት በቈረጠ ቍጥር ይሳላሉ እንጂ አያልቁም። ከንፈሮቹ ከፊት ጥርሶቹ በስተ ኋላ ስለሚገጥሙ፥ ጠልቆ ሳለ እንኳ ውኃ ሳይገባበት እንጨት ሊቈርጥ ይችላል። አንድ ጊዜ ከጠለቀም እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ሳይተነፍስ ሊቈይ ይችላል።

ምግቡ ሣር፥ ቅጠልና የዛፍ ልጥ ነው። በእኛ አገር በየወንዙ ዳር የሚበቅለው የአኻያ ዛፍ ዘመዶች እሱ አጥብቆ ከሚወዳቸው ውስጥ ናቸው። ልጡን ግጦ ከበላ በኋላ የተላጠውን በትር ለቤቱና ለግድቡ ሥራ ያውለዋል። ይህን የተላጠ በትር አስታውሱልን፤ ወደ ኋላ ምስክር ሆኖ ይቀርባልና።

ብዙ ሰው ስለ ቢቨር የሚያውቀው ግድብ መሥራቱን ነው። ግን ግድቡ ለምን ይሠራል? ቢቨር በውኃ ውስጥ ፈጣን ሲሆን በየብስ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ተኵላና ድብ ይይዙታል። ስለዚህ የቤቱን በር ከውኃ በታች፥ መኝታውን ደግሞ ከውኃው በላይ በደረቅ ስፍራ ያደርጋል። ውኃው ጐድሎ በሩ እንዳይገለጥበት ወንዙን ይገድበዋል። እንግዲህ ግድቡ ለቢቨር የበር መዝጊያ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ነገር ላይ ቀደም ብሎ ጠንክሮ የሠራው አሜሪካዊው ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን ነው። ሞርጋን በሙያው ጠበቃ ነበር፤ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በባቡር ሐዲድ ሥራ ምክንያት ወደ ጫካው በተመላለሰ ጊዜ የቢቨሮችን ግድብና ቦይ እየለካ፥ በ1868 ስለ አሜሪካ ቢቨርና ስለ ሥራው ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። እንዲህ ካሉት ጥናቶች የምንረዳው፥ ቢቨር ሁልጊዜ በኵሬ መካከል እንጨት ከምሮ ቤት እንደማይሠራ ነው። ወንዙ ሰፊና ኃይለኛ ሆኖ ሊገደብ በማይችልበት፥ ዳርቻውም ከፍ ባለበት ቦታ፥ ከውኃው በታች ጀምሮ ወደ ላይ እየቈፈረ በዳርቻው ውስጥ ጎሬ ያበጃል። በዚህ ዓይነት ጎሬ የሚኖሩ ቢቨሮች ብዙ ናቸው። አሁን ይህን ጎሬ በልባችሁ ይዛችሁ ከእኛ ጋር ወደ ድንጋዩ ኑ።

ካርስት ማለት ምንድን ነው?

የዝናብ ውኃ ከአየር፥ ይልቁንም ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይይዝና ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህም ውኃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ስንጥቁ ቀዳዳ፥ ቀዳዳውም ዋሻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ በምድር ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ርቆ ሄዶም በሌላ ስፍራ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን አገር የምድር ጥናት ሊቃውንት ካርስት ይሉታል። ስሙ የተገኘው በስሎቬኒያና በኢጣሊያ ጠረፍ ላይ ካለው፥ ክራስ ከሚባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ነው።

ከመካከላችን የባሌን ሶፍ ዑመር ያየ ሰው ካለ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የዌብ ወንዝ ወደ ኖራ ድንጋዩ ገብቶ፥ አዳራሽ የሚያህሉ ክፍሎችን አቋርጦ በሌላ በኩል ይወጣልና። በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ለክተው ባወጡት ካርታ የዋሻው መንገዶች ርዝመት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ቢቨር ካለበት አገር ደግሞ በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀው በአሜሪካ የኬንታኪ ክፍለ ግዛት ነው። በዚያ የሚገኘው ማሞዝ ኬቭ የተባለው ዋሻ እስከ ዛሬ ከተለኩት የዓለም ዋሻዎች ሁሉ በርዝመት አንደኛ ሲሆን፥ የታወቁት መንገዶቹ ብቻ ሲደመሩ ከ680 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። ከዋሻው ሥር የሚሄዱት ወንዞች ግሪን ሪቨር ወደሚባለው ትልቅ ወንዝ በምንጭነት ይፈሳሉ። በዚህ ወንዝ ዳርና ከዚያም በስተ ምዕራብ በሚዙሪ የኦዛርክ ተራሮች ቢቨር ይኖራል። አገሩም የኖራ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ዘመድ የሆነ ዶሎማይት ስለ ሆነ የወንዙ ዳር ሁሉ ቀዳዳ የበዛበት ነው።

ዋሻው ለቢቨር ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ቢቨር የሚፈልገው ቤት በሩ ከውኃ በታች፥ መኝታው ከውኃ በላይ፥ ጣራውም ጽኑ የሆነ ነው። በካርስት አገር ውኃው ራሱ እንዲህ ያለውን ቤት ሠርቶ አስቀምጦታል። ከወንዙ ዳር ምንጭ የሚወጣበት አፍ አለ፤ ከአፉ ወደ ውስጥ ሲገቡ፥ ወንዙ ቀድሞ ከፍ ብሎ ይሄድ በነበረበት ዘመን የተቦረቦረ ደረቅ መደብ አለ። ቢቨሩ በአፈር ዳርቻ ብዙ ሌሊት የሚደክምበትን ቍፋሮ እዚህ ምንም ሳይደክም ያገኘዋል። ጭራሮና የተላጠ ልጥ አምጥቶ መደቡ ላይ ካነጠፈ ቤቱ ተሟላ ማለት ነው።

ሌላው ጥቅም ሙቀቱ ነው። ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ ያለው አየር የብርዱም ወራት ሆነ የሐሩሩ ወራት ብዙ አይለዋወጥም። በማሞዝ ኬቭ ውስጥ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በውጭ በረዶ ሲወርድ ውስጡ ይሞቃል፤ በውጭ ፀሐይ ስታቃጥል ውስጡ ይቀዘቅዛል። ደግሞም የአፈሩን ጎሬ ተኵላና ውሻ በጥፍራቸው ሊንዱት ሲችሉ፥ ድንጋዩን ግን ሊንዱት አይችሉም።

ሆኖም ዋሻው ጉዳትም አለበት። በጨለማ ውስጥ ሣርም ዛፍም አይበቅልም፤ ስለዚህ ቢቨሩ ሲመሽ ለመብል ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ እጅግም ርቆ ወደ ውስጥ ሊገባ አይመቸውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ደራሽ ውኃ ነው። የካርስት ወንዝ ዝናብ በጣለ ጊዜ ድንገት ይሞላል። በአፈር ጎሬ የሚኖር ቢቨር ውኃው ሲያሳድደው ጣራውን ወደ ላይ እየቈፈረ ይሸሻል፤ በድንጋይ ጣራ ሥር ያለው ግን የሚቈፍረው የለውም። እንግዲህ ለቢቨር ጥሩ ዋሻ ማለት ከጐርፍ መድረሻ በላይ ከፍ ያለ መደብ ያለው ዋሻ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

«በጨለማ እንዴት ይሄዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሌሊት ወፍ ድምፁን ልኮ በገደል ማሚቶው መንገዱን ያውቃል፤ ቢቨር ይህ ችሎታ የለውም። ነገር ግን በሽታ፥ በጢሙና በእግሩ መዳበስ ይመራል። ጨለማም ለእሱ እንግዳ አይደለም፤ በገዛ ቤቱም ቢሆን የሚያድረው በጨለማ ነውና። እንዲያውም በካናዳ በኩቤክ አገር ዣክ ቦቬና ባልደረባው በ1974 ያወጡት ጥናት በጣም የሚያስደንቅ ነው። የብርዱ ወራት ደርሶ ኵሬው በረዶ ሲጋገርበት ቢቨሮቹ የፀሐይን መውጣትና መግባት ማየት ያቆማሉ። ያን ጊዜ የመንቂያና የመተኛ ልማዳቸው ከ24 ሰዓት አልፎ በየዙሩ ከ26 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህም ማለት የእኛ ቀን አንድ ሲሆን የእነሱ ቀን እየረዘመ ከፀሐይ ጋር መገጣጠሙ ይቀራል ማለት ነው። በዋሻ የሚያድረው ቢቨር ግን ማታ ማታ ስለሚወጣ ፀሐይን የሚያጣት አይመስለንም።

በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪ የሚጠቅም ትምህርት አለ። በኦዛርክ ተራሮችና በኬንታኪ አካባቢ ወንዝ ወደሚወጣባቸው ዋሻዎች የሚገቡ አሳሾች፥ ጫፉ በጥርስ የተቈረጠና ልጡ የተላጠ በትር በውስጥ ያገኛሉ። ይህ ምስክር ነውን? ምስክርነቱ በቂ አይደለም። ጐርፍ ከላይ ባለው የመስረጊያ ጕድጓድ አስገብቶት ይሆናልና። በትሩ በአንድ ጥግ ከጭቃና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ከተገኘ የጐርፍ ሥራ ነው ብለን እንጠረጥራለን። በደረቅ መደብ ላይ ተነጥፎ፥ በጭቃው ላይም ሽፋን ያለው የኋላ እግር ዱካና የጅራት መጐተቻ መሥመር ከታየ ግን ባለቤቱ ራሱ ገብቷል ማለት ነው።

አጥንትም እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ ዋሻዎች ውስጥ የቢቨር አጥንት ተገኝቷል። ነገር ግን የጥንት ሰው አድኖ አምጥቶት፥ ወይም አውሬ ጐትቶት ሊሆን ይችላል። ጅብ በዋሻው ውስጥ የበሬ አጥንት ስላከማቸ በሬ በዋሻ ይኖር ነበር የሚል ሰው የለም። «ተገኘ» እና «ኖረ» የሚሉት ሁለት ቃሎች የተለያዩ ናቸው። የላቦራቶሪ ማስታወሻችንን ስንጽፍ ይህን ልዩነት ብንጠብቅ ከብዙ ስሕተት እንድናለን።

ቢቨር በዋሻው ላይ ምን ያደርጋል?

እስካሁን የተናገርነው ዋሻው ለቢቨር የሚያደርገውን ነው። አሁን ቢቨር ለዋሻው የሚያደርገውን እንመልከት፤ የንግግራችንም ዋና ነገር ይህ ነው።

በጨለማ ዋሻ ውስጥ አረንጓዴ ተክል ስለሌለ በዚያ የሚኖሩ ፍጥረቶች አብዛኛዎቹ ከውጭ በሚገባ ነገር ላይ የተመሠረተ ሕይወት አላቸው። ጐርፍ ያመጣው ቅጠል፥ የሌሊት ወፍ ኩስ፥ የሞተ እንስሳ፥ ይህ ሁሉ ለእነሱ ቀለብ ነው። ቢቨርም እንጨት፥ ልጥና ፋንድያ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ከእሱ መደብ በታች ያለው ውኃ ለትንንሽ ነፍሳት ማዕድ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ግድቡ ደግሞ ሌላ ጕዳይ ነው። ስዊድናዊው ላርስ ዊልሶን በ1960ዎቹ ቢቨሮችን እያሳደገ ጥናት ሲያደርግ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፥ ከወላጅ ተለይተው ያደጉ ቢቨሮች ማንም ሳያስተምራቸው ግድብ መሥራታቸው ነው። ሁለተኛው፥ ለሥራ የሚያነሣሣቸው የሚፈስ ውኃ ድምፅ መሆኑ ነው። የወራጅ ውኃ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ፥ ውኃ የሚያፈስ ቀዳዳ በሌለበት እንኳ ወደ ድምፁ ሄደው ጭቃና እንጨት ለጠፉ። እስቲ ይህን እንስሳ ወደ ካርስት አገር ውሰዱት። በዚያ ውኃ በየመስረጊያው ጕድጓድ እየተንቈረቈረ ወደ ምድር ይገባል፤ በየዋሻው አፍ እየጮኸ ይወጣል። ቢቨሩ ድምፁን ሰምቶ ሊደፍን ይነሣል። ያን ጊዜ በላይ ያለው ኵሬ ይሰፋል፤ በታች ያለው ምንጭ ሊቀንስ፥ ወይም ከምንጩ አፍ የተሠራ ግድብ ከሆነ ውኃው ወደ ዋሻው ውስጥ ሊመለስ ይችላል።

የውኃ ወደ ዋሻ መመለስ ምን እንደሚያስከትል በግልጥ የታየው ግን ሰው በሠራው ግድብ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለመርከብ መተላለፊያ ተብሎ በግሪን ሪቨር ላይ 6ኛ የሚባል ግድብ ተሠራ። ግድቡ የወንዙን ውኃ ከፍ ባደረገው ጊዜ በማሞዝ ኬቭ ሥር ያሉት ወንዞችም አብረው ከፍ አሉ። ይፈስ የነበረው ውኃ ተኛ፤ ጭቃውም በወለሉ ላይ ጋደመ። በእነዚህ ውኃዎች ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኝ፥ ዓይን የሌለው፥ ገላው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ አንድ ትንሽ የሽሪምፕ ዓይነት ይኖራል። ይህ ፍጥረት በ1983 ሊጠፉ ከተቃረቡት ተራ ገብቶ ተመዘገበ፤ ከጐዱትም ምክንያቶች አንዱ ይህ ግድብ መሆኑ ታውቋል። ግድቡ በ2016 ተሰበረ፥ በ2017ም ፈርሶ ተነሣ፤ ወንዙም ወደ ቀድሞ አካሄዱ ጀመረ።

እዚህ ላይ የቢቨርን ግድብና የሰውን ግድብ ማመዛዘን ተገቢ ነው። የቢቨር ግድብ ውኃ ያሳልፋል፤ ትልቅ ጐርፍ ሲመጣ ይሰበራል፤ ቤተ ሰቡ ምግብ ባለቀበት ጊዜ ትቶት ይሄዳል። የሰው ግድብ ግን አገልግሎቱ ካለቀ በኋላ እንኳ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይም ውኃውን አስተኛው። ግድቡን የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከእግራቸው በታች ምን እንደሚኖር አላወቁም ነበር፤ ጥፋቱ ያለው በዚህ ነው።

እንግዳ የመሰለን ለምንድን ነው?

«ቢቨር በዋሻ» ሲባል እኛን ብቻ ሳይሆን የቢቨር አገር ሰዎችንም የሚያስገርም ነገር ነው። ምክንያቱም ከታሪክ የመጣ ይመስለናል። የቢቨር ፀጉር ለባርኔጣ መሥሪያ እጅግ ተፈላጊ ስለ ነበረ እንስሳው ለብዙ መቶ ዓመታት ታደነ። በ1900 አካባቢ በአውሮፓና በእስያ በሙሉ የቀሩት 1,200 ያህል ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በስምንት ያህል የተለያዩ ቦታዎች የተበታተኑ ነበሩ። በአሜሪካም ከብዙ ክፍለ ግዛቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የዋሻ ሳይንስ ጐልምሶ የወጣው ደግሞ በዚሁ ዘመን ነው። ሊቃውንቱ ፋኖስ ይዘው ወደ ዋሻ በገቡ ጊዜ ባለቤቱ ከቤቱ ተባርሮ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፋቸው የጻፉት ቢቨር የሌለበትን ዋሻ ነው፤ እኛም ይህን አንብበን የዋሻ ተፈጥሮ እንዲህ ነው ብለን ተቀበልን።

አሁን ግን ቢቨር ተመልሷል። በባቫሪያ ከ1966 ጀምሮ እንደ ገና ተለቀቀ። ከዚያ የተወሰዱት ከ1996 እስከ 1998 በክሮኤሺያ ተለቀቁ፤ ከክሮኤሺያም ራሳቸው ወንዙን ተከትለው በ1998 በስሎቬኒያ በክርካ ወንዝ አካባቢ ታዩ። የክርካ ወንዝ ምንጩ የካርስት ዋሻ ነው፤ በዚያ አውራጃ ምድር ሥር ባሉት ውኃዎችም ፕሮቲየስ የሚባለው ዓይኑ የጠፋ የጨለማ እንስሳ ይኖራል። እንግዲህ ካርስት ስሙን ባገኘበት አገር ቢቨር ደጁ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በአውሮፓና በእስያ ያለው የቢቨር ብዛት ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። በዋሻ መታየቱ እንግዳ ልማድ ሳይሆን የተቋረጠ የጥንት ልማድ መመለሱ ይመስለናል።

ውኃው የማን ነው?

አሁን ያን የመጨረሻ ጥያቄ እንመልስ። ቢቨር የለንም፤ ምን አገባን?

በጀርመን አገር ኢመንዲንገን በምትባል ቦታ አጠገብ የዳንዩብ ወንዝ ወደ ኖራ ድንጋይ ይሰርጋል። በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት መሬቱ ፈጽሞ ይደርቃል። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ አዶልፍ ክኖፕ የሚባል ሊቅ በጥቅምት ወር 1877 ወደ መስረጊያው 20 ቶን ጨውና ፍሎሬሲን የሚባለውን ቀለም 10 ኪሎ ጨመረ። 60 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው አኽ በሚባለው ምንጭ ላይ አረንጓዴ ውኃ ወጣ። የዳንዩብ ውኃ ወደ ጥቍር ባሕር ሲሄድ፥ የዚህ ምንጭ ውኃ ግን በራይን በኩል ወደ ሰሜን ባሕር ይሄዳል። ባላገሮቹም ተከራከሩ፤ በላይ ያሉት «ውኃችን ተሰረቀ» አሉ፥ በታች ያሉት ደግሞ «ምንጫችን አይደፈን» አሉ። ነገሩ በ1927 ለጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ፥ ፍርድ ቤቱ ማንኛውም ወገን የውኃውን ተፈጥሯዊ አካሄድ ለራሱ ጥቅም በሰው ሥራ እንዳያዛባ ወሰነ።

ተራውን ወንዝ የገደበ ሰው ከታች የሚጠማውን ሰው ያያል፤ ያም ሰው መጥቶ ይጮኽበታል። በካርስት አገር የገደበ፥ የደፈነ ወይም ቆሻሻ የጣለ ሰው ግን ማንን እንደ ጐዳ አያውቅም፤ የተጐዳውም ማን እንደ ጐዳው አያውቅም። አሸዋ እንደሚያጣራው ያለ ማጣሪያ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የለም፤ በመስረጊያው የገባ ነገር በጥቂት ቀን ውስጥ በምንጩ ይወጣል። ቢቨር ራሱ ጃርዲያ የሚባለውን የሆድ ተውሳክ ሊሸከም ይችላል። በ1976 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በካማስ ከተማ ሕዝቡ በዚህ ተውሳክ በታመመ ጊዜ፥ ተውሳኩ ከከተማው ውኃ መቅጃ አጠገብ ከተያዙ ቢቨሮች ውስጥ ተገኝቷል። ሰውም ከብትም በመስረጊያው ዳር ቢውል ያው ነው። ከምንጭ የሚወጣ ውኃ ጥሩ ይመስላል፤ በካርስት አገር ግን ጥራቱ የሚታወቀው ከላይ ማን እንደ ዋለበት ሲታወቅ ብቻ ነው።

አገራችንም የኖራ ድንጋይ አገር አላት፤ በባሌ፥ በሐረርጌ፥ በመቀሌ ዙሪያ። በ1990ዎቹ በትግራይ ለመስኖ ከተሠሩት ትንንሽ ግድቦች አንዳንዶቹ የተጠበቀውን ያህል ውኃ ሊይዙ አልቻሉም፤ ከታቻቸው ባለው ድንጋይ ስንጥቅ በኩል ሰርጎ ሄዷል። ዳሩ ግን በአንዳንድ ቦታ ያው የሰረገ ውኃ ከግድቡ በታች ላለው ገበሬ ምንጭና ጕድጓድ ሆኖለታል። የግድቡ መሐንዲስ «ጠፋ» ብሎ የጻፈውን ውኃ ገበሬው «ተገኘ» ብሎ ይቀዳዋል። ስለዚህ ከመገደብ በፊት፥ የፈሰሰውንም ለመድፈን ከመሮጥ በፊት፥ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚል ተረት አለን። ብዙ ጊዜ የምንተርተው በቍጭት ነው። እኛ ግን የዛሬ ማታ እንደ የቤት ሥራ ልንወስደው እንፈልጋለን። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆኑ አሉ፤ ሐኪም፥ መምህር፥ የአውራጃ ሹም የሚሆኑም አሉ። ወደ ኖራ ድንጋይ አገር በተመደባችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ እረኛውንና ውኃ ቀጂዋን ጠይቁ። ጐርፉ የት እንደሚሰርግ፥ ከዝናብ በኋላ የትኛው ምንጭ እንደሚደፈርስ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ቀለሙን ጨምሩ፥ ሰዓቱንም ቍጠሩ። የክኖፕ ሥራ ብልሃትና ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አልጠየቀም። ከቤት ጽዳት የተረፈውን ቆሻሻ የሚጣልበት ገደልም የመስረጊያ አፍ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

ያ የሳቀብን ጓደኛችን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ቢቨርን ወደ አገራችን አምጡ አላልንም። ነገር ግን በሩቅ አገር በድንጋይ ጣራ ሥር ልጡን እያላጠ የሚያድረው ይህ እንስሳ፥ የላዩና የታቹ ውኃ አንድ መሆኑን ለማየት ምክንያት ሆኖናል። ለእሱ ግን ቁርበት ማንጠፍ አያስፈልግም፤ የራሱን ጭራሮ ይዞ ይመጣል።

ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ሁሉ እንዲነሣ እንጠይቃለን።